ፈጣን ዋይፋይ ወይስ አጭር ወረፋ? በሮቤ ቤቶች የክፍት ምንጭ ፈርምዌር ማስተካከያ ምን ሊለካ ይገባዋል

በአርሲዋ ሮቤ (የባሌዋ ሮቤ አይደለችም) አንድ ተራ የኪራይ ግቢ በዓይነ ኅሊና ይታይ። ባለቤቷ ከፊት ባለው ቤት ይኖራሉ፤ ከኋላ በተደረደሩት ክፍሎች ሦስት ተከራዮች አሉ። የኢንተርኔቱ መስመር በባለቤቷ ስም የገባ ሲሆን የወሩ ሂሳብ ለአራት ይካፈላል። ከተከራዮቹ አንዱ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው፤ አሰላ ድረስ መመላለስ ስለሚከብደው ከአማካሪው ጋር የሚገናኘው ማታ ማታ በምስል ጥሪ ነው። ጥሪው በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ምስሉ ደርቆ ይቀራል። ጥሪው ከተቋረጠ በኋላ ተማሪው የፍጥነት መለኪያ ቢከፍት ቁጥሩ የተከፈለበትን ያህል ነው። ጥሪው በደረቀበት ሰዓት ግን በአጠገቡ ባለው ክፍል አንድ ስልክ የሠርግ ቪዲዮ ወደ ቴሌግራም ይጭን ነበር፤ መለኪያው ሲከፈት ጭነቱ አልቋል።

ለዚህ ችግር ሁለት መድኃኒቶች በተደጋጋሚ ይታዘዛሉ። አንደኛው ከፍ ያለ ጥቅል መግዛት ነው። ሁለተኛው ቴክኖሎጂ ለሚወዱ ሰዎች የሚመከር ሲሆን የራውተሩን የፋብሪካ ፈርምዌር አውጥቶ እንደ ኦፕንደብሊውአርቲ ያለ ክፍት ምንጭ ፈርምዌር መጫን፣ ከዚያም የማስተላለፊያውን ኃይል ከፍ ማድረግ፣ የቻናሉን ስፋት ከ20 ወደ 40 ሜጋኸርዝ ማሳደግና ባዶ ቻናል ማፈላለግ ነው። ሁለተኛው ምክር መሣሪያውን በትክክል መርጦ የተሳሳተ ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። ክፍት ምንጭ ፈርምዌር ለሮቤ ቤት የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ከአንቴናው ሳይሆን ከወረፋው አያያዝ የሚገኝ ነው። በአገራችን በዘርፉ የሚሠሩ የማሟያ ጽሑፎችም ሊለኩት የሚገባው ነገር ጭነት ባለበት ሰዓት የሚታየው መዘግየት እንጂ መስመሩ ባዶ ሲሆን የሚታየው ሜጋቢት መሆን የለበትም።

የአርሲ ሰው ወረፋ ምን እንደሆነ ከወፍጮ ቤት ያውቀዋል። ሦስት ኩንታል ስንዴ በጋሪ ጭኖ የመጣ ሰው ቀድሞ ከደረሰ፣ ለራት የምትሆን አንድ ቁና ገብስ የያዘችው ሴት ኩንታሎቹ እስኪያልቁ ትቆማለች። ባለ ወፍጮው ግቢውን አስፍቶ ሠላሳ ኩንታል የሚያስቀምጥበት መጋዘን ቢሠራ ድንጋዩ በሰዓት የሚፈጨው ያው ነው፤ የሚጨምረው የሴትዮዋ ጥበቃ ብቻ ነው። በራውተርና በሞደም ውስጥ ያለው ማቆያ ማኅደር እንደዚህ መጋዘን ነው። የማኅደረ ትውስታ ዋጋ በረከሰ ቁጥር አምራቾች አንድም ፓኬት እንዳይወድቅ በሚል ማቆያውን ሲያሰፉ ቆይተዋል። ውጤቱ የዘርፉ ሰዎች «በፈርብሎት» የሚሉት፣ ከልክ ያለፈ የወረፋ ክምችት ነው። ጂም ጌቲስ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ በገዛ ቤቱ የገጠመውን መዘግየት መርምሮ ስሙን ካስተዋወቀ ወዲህ ጉዳዩ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ለአገራችን ቤቶች ያለው ትርጉም በቂ ትኩረት አላገኘም።

ትርጉሙ በቀላል ስሌት ይታያል። 256 ኪሎባይት የሚይዝ ማቆያ ሲሞላ ወደ 2.1 ሚሊዮን ቢት ይሆናል። የመጫኛው መስመር በሰከንድ 100 ሜጋቢት ከሆነ ይህ ክምችት በ21 ሚሊሰከንድ ተልኮ ያልቃል፤ ማንም አያስተውለውም። 5 ሜጋቢት ከሆነ 0.4 ሰከንድ ይወስዳል። 1 ሜጋቢት ከሆነ ደግሞ ከ2 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 በተባለው ምክረ ሐሳቡ ለድምፅ ንግግር የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ መልካም መሆኑን ያስቀምጣል። እንግዲህ በፍራንክፈርት ምንም ጉዳት የማያስከትል ያው የፋብሪካ ምርት፣ ያው ማቆያ፣ በሮቤ ያለውን ቀጭን መስመር ለንግግር የማይበቃ ያደርገዋል። ችግሩ ከመስመሩ መቅጠን ብቻ የመጣ አይደለም፤ ለወፍራም መስመር የተሰፋ ማቆያ በቀጭን መስመር ላይ በመቀመጡ የመጣ ነው።

መፍትሔው ከተገኘ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ኮደል የተባለውን ስልት አቀረቡ፤ ይህ ስልት የወረፋውን ርዝመት ሳይሆን እያንዳንዱ ፓኬት በወረፋው ውስጥ የቆየበትን ጊዜ እያየ፣ ቆይታው ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ሆኖ ለ100 ሚሊሰከንድ ከዘለቀ ፓኬት እየጣለ ላኪው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ያስገድዳል። ከእርሱ የተወለደው ኤፍኪው-ኮደል እያንዳንዱን የመረጃ ፍሰት በየራሱ ወረፋ ያሰልፍና ተራ በተራ ያስተናግዳል፤ ባለ ቁናዋ ሴት በኩንታሎቹ መካከል ገብታ አስፈጭታ ትሄዳለች እንደማለት ነው። ይህ ስልት እ.ኤ.አ. በ2018 አርኤፍሲ 8290 ሆኖ ታትሟል። ኬክ የተባለው ተከታዩ የፍጥነት ገደብን፣ የወረፋ ክፍፍልንና የመስመሩን ትርፍ ጭነት ስሌት በአንድ ላይ አዋሕዷል። እነዚህን ስልቶች በቤት ራውተር ላይ ለማብሰልና ለመፈተን ዋናው መድረክ የሆነው ደግሞ ኦፕንደብሊውአርቲ ነው። የፈርምዌሩ ታሪክም ከነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ይጀምራል፤ ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ በተባለው ራውተሩ ውስጥ ሊኑክስን መጠቀሙ በመታወቁ ፈቃዱ እንደሚያስገድደው ምንጩን እ.ኤ.አ. በ2003 ለቀቀ፤ በማግሥቱ ዓመት ኦፕንደብሊውአርቲ ተጀመረ። የክምችቱን ችግር ለማስወገድ ከማንም በላይ ከተሟገቱት አንዱ ዴቭ ታት እ.ኤ.አ. በ2025 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ሥራውን አላቋረጠም። በኒካራጓ የኖረ ሰው ነበርና የደካማ መስመርን ጣጣ ያውቀዋል፤ መፍትሔው ለሮቤ ባዕድ ሆኖ ካልተሰማ አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የአሠራሩ ቁልፍ ብዙዎችን የሚያስገርም ነው፦ ለመፍጠን ገደብ ማበጀት ያስፈልጋል። ክምችቱ የሚፈጠረው መስመሩ በሚጠብበት ቦታ፣ ማለትም በአቅራቢው ሞደም ውስጥ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ የቤቱ ባለቤት አይደርስም። ስለዚህ በራሱ ራውተር ላይ ከተለካው የመስመር ፍጥነት ከ85 እስከ 95 በመቶ የሚሆን ገደብ ያበጅና ጥበቱን ወደ ራሱ ያመጣዋል። ወረፋው እርሱ በሚቆጣጠረው መሣሪያ ውስጥ ሲሆን ኬክ ሥራውን ይሠራል። 5 ሜጋቢት የከፈለ ሰው በመለኪያው ላይ 4.5 ያያል። ይህን ቅናሽ ለባለቤቷ ማስረዳት ከቴክኒኩ ሁሉ ሊከብድ ይችላል፤ በገንዘቤ የገዛሁትን ለምን ትቀንስብኛለህ ቢሉ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በቁጥሩ ውስጥ አይደለም፤ ቪዲዮ እየተጫነ ጥሪው መቀጠል አለመቀጠሉን በጆሯቸው እንዲሰሙት ማድረግ ነው።

መስመሩ በመዳብ ስልክ ሽቦ የገባ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ስሌት አለ። ይህ ዓይነቱ መስመር በአብዛኛው መረጃውን በ53 ባይት ሕዋሶች ከፋፍሎ ይልካል፤ ከእያንዳንዱ ሕዋስ የተጠቃሚው ጭነት 48 ባይት ብቻ ነው። ለኬክ የመስመሩ ዓይነት ካልተነገረው ትርፍ ጭነቱን ሳይቆጥር ይገድባል፤ ወረፋውም ተመልሶ ወደ ሞደሙ ይሸሻል። በአንድ መስክ የሚሞላ ቅንብር ነው፤ ሲረሳ ግን ሙከራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ሌላው ሊነገር የሚገባው፣ ይህ ስልት ቀጭን መስመር ላላቸው ሰዎች በዋጋም የሚያዳላ መሆኑ ነው። ፍጥነትን በሶፍትዌር መገደብ የአንጎለ ኮምፒውተር ጉልበት ይጠይቃል፤ በሰከንድ ብዙ መቶ ሜጋቢት ለሚያስተላልፍ መስመር ውድ ራውተር ያስፈልጋል። ለ5 ወይም ለ10 ሜጋቢት ግን ያረጀ ባለ አንድ ኮር ራውተር ይበቃል። ደካማ መስመር ያለው ሰው ከሁሉ የበለጠ ጥቅም በጥቂቱ ወጪ የሚያገኝበት ቴክኖሎጂ ብዙ አይደለም። ሆኖም ሲገዛ ማስተዋል ያሻል፤ በገበያ ላይ የሚታወቁት ብዙ የቲፒ-ሊንክ 841 ሥሪቶች 4 ሜጋባይት ማከማቻና 32 ሜጋባይት ማኅደረ ትውስታ ብቻ ስላላቸው የዛሬውን ኦፕንደብሊውአርቲ አይሸከሙም። ቢያንስ 8 እና 64፣ ቢቻል 16 እና 128 ያለው መፈለግ ይገባል፤ ከሳጥኑ ጀርባ የተጻፈውን የሥሪት ቁጥር ሳያዩ መግዛትም አደጋ አለው፤ ተመሳሳይ ስም የያዙ ሁለት ሥሪቶች በውስጣቸው ፍጹም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉና።

ስለ ሬዲዮው የሚሰጠው ምክር ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። የማስተላለፊያ ኃይልን መጨመር ግን በአንድ ወገን መጮኽ ነው፤ ስልኩ የራውተሩን ድምፅ በደንብ ይሰማል፣ ራውተሩ ግን የስልኩን ደካማ ድምፅ እንደ ቀድሞው አይሰማም። ከዚህም በላይ የኃይሉን ጣሪያ ለማለፍ የሌላ አገር ኮድ መምረጥ ከአገሪቱ የሬዲዮ ሕግ ጋር ያጋጫል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ስፋቱን ወደ 40 ያሳደገ ሰው የባንዱን ግማሽ ይዞ የጎረቤቱን ጩኸት ሁሉ ወደ ቤቱ ያስገባል። የቤቱ አሠራርም ከቅንብሩ ይልቅ ይወስናል። በጭቃ የተመረገ የእንጨት ግድግዳ፣ በተለይ በክረምት እርጥበት ሲይዝ፣ ሬዲዮን ይመጣል፤ የቆርቆሮ ግድግዳ ደግሞ መልሶ ያንጸባርቀዋል። ራውተሩን ከቁም ሣጥን ጀርባ አውጥቶ በኋላ ክፍሎች በኩል ባለው መስኮት አጠገብ መስቀል ከማንኛውም የኃይል ቅንብር የሚበልጥ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ምንም ፈርምዌር አይጠይቅም።

ከሬዲዮው በኩል ክፍት ምንጭ ፈርምዌር እውነተኛ ብልጫ ሊያሳይ የሚችልበት አንድ ቦታ ግን አለ። የግረኖብል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳዩት፣ ዋይፋይ ለሁሉም እኩል የመላክ ዕድል ስለሚሰጥ ከሩቅ ሆኖ በዝግታ የሚልክ አንድ መሣሪያ ያን ዕድል ሲያገኝ አየሩን ለረጅም ጊዜ ይዞ ሌሎቹን ሁሉ ወደ ራሱ ዝግታ ይጎትታቸዋል። በ6 ሜጋቢት የሚልክ ስልክ በ60 ከሚልከው ይልቅ ለተመሳሳይ ፓኬት አየሩን አሥር እጥፍ ይይዛል። ቶከ ሆይላንድ-ዮርገንሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባቀረቡት ሥራ የአየር ጊዜን በእኩል የማካፈል ስልት ለሊኑክስ አዘጋጅተዋል፤ በኦፕንደብሊውአርቲም ይህን በሚደግፉ ቺፖች ላይ ይሠራል። የኋለኛው ክፍል ተከራይ በግድግዳ ብዛት ምክንያት የግቢውን ሁሉ ፍጥነት እንዳያወርድ የሚያደርገው ይህ ነው።

በእኩል ማካፈል የሚለው ነገር በኪራይ ግቢ ውስጥ የሰላም ጉዳይም ነው። ኢንተርኔቱን ማን በላው የሚለው ክርክር በመጨረሻ የይለፍ ቃል በመለወጥ ይቋጫል፤ የይለፍ ቃሉ ሲለወጥ ደግሞ መጀመሪያ ከመስመር ውጪ የሚቀረው አቅሙ የደከመው ነው። ኬክ ከፍሰት አልፎ በመሣሪያ ደረጃ ማካፈል ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ሃምሳ ግንኙነት የከፈተ ስልክ አንድ ብቻ ከከፈተው የበለጠ ድርሻ አያገኝም። እዚህ ላይ አንድ ስንጥቅ አለ። ድርሻው ለመሣሪያ እንጂ ለተከራይ ስላልሆነ ሦስት ስልክ ያለው ቤተሰብ ሦስት ድርሻ ይወስዳል። ሂሳቡ የሚከፈለው በቤት ከሆነ ክፍፍሉም በቤት መሆን አለበት የሚል ካለ፣ እያንዳንዱ ተከራይ የራሱን ርካሽ ራውተር በኬብል ቢያገናኝ መላው ቤተሰቡ ለዋናው ራውተር እንደ አንድ መሣሪያ ይታያል። የትኛው ፍትሐዊ እንደሆነ ግን ፈርምዌሩ አይወስንም፤ የግቢው ሰዎች ተነጋግረው የሚወስኑት ነው።

የአርሲ ምድር ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት (በተለምዶ ካዱ) ዘርና የእርሻ መሣሪያን በቦታው እየፈተነ ወደ ገበሬው ያደርስ ነበር፤ ዛሬም ከአሰላ ብዙም የማይርቀው የቁልምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴ ዝርያን በልዩ ልዩ ሥነ ምህዳር ሳይሞክር አይለቅም። ለኢጣሊያ ሜዳ የተዳቀለ ዘር ለአርሲ ደጋ ያለ ሙከራ ይዘራ የሚል አንድም አግሮኖሚስት አይገኝም። የራውተር ቅንብር ግን ፋይበር በየቤቱ ከገባበት አገር እንዳለ ተገልብጦ ይጫናል፤ በማሟያ ጽሑፎች ዘንድም ጥያቄው ብዙ ጊዜ በሲሙሌተር ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ሲሙሌተር የራሱ ቦታ አለው፤ ነገር ግን እርጥብ የጭቃ ግድግዳ፣ ሲጠፋ ሲመጣ የሚውል መብራትና የአራት ቤተሰብ ስልኮች በውስጡ የሉም።

በዚህ አስተያየት ላይ ሊነሱ ከሚችሉት ተቃውሞዎች ሁለቱ ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው የመሣሪያው ባለቤትነት ነው። አቅራቢዎች የሚሰጧቸው ሞደሞችና የፋይበር ማብቂያዎች በአብዛኛው የተቆለፉ ናቸው፤ ባይቆለፉም ኦፕንደብሊውአርቲ አብዛኞቹን አይደግፍም። በእነርሱ ላይ ፈርምዌር ለመለወጥ መሞከር ተገቢም አዋጭም አይደለም። መብራት በመጫን መካከል ቢጠፋ የግቢው ብቸኛ መሣሪያ ይሞታል፤ ምትክ ለማግኘትም መንገድ መምታት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማስተካከያው ከአቅራቢው ሞደም ጀርባ በሚገናኝ ሁለተኛ ራውተር ላይ መሠራት አለበት፤ ፈርምዌሩም በባትሪ ወይም በዩፒኤስ ታግዞ መጫን ይኖርበታል። የአንድ ተጨማሪ ራውተር ዋጋ ለአራት ሲካፈል ከፍ ካለ ጥቅል የወር ልዩነት ጋር ማነጻጸር ራሱን የቻለ የጥናት ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ጠንካራ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ገበያውን ከተቀላቀለና ኢትዮ ቴሌኮምም የ4ጂ አውታሩን ካስፋፋ ወዲህ ብዙ ቤት የሚጠቀመው በሞባይል አውታር የሚሠራ ራውተር ነው። የዚህ መስመር ፍጥነት እንደ ሰዓቱ ይዋዥቃል፤ ጠዋት 20 ሜጋቢት የነበረው ማታ 3 ሊሆን ይችላል። ለ20 የተበጀ ገደብ ማታ ምንም አይገድብም፤ ለ3 የተበጀው ጠዋት 17ቱን ያባክናል። መዘግየቱን እየለካ ገደቡን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ኬክ-ኦቶሬት የተባለ ስክሪፕት አለ፤ በዚህ አገር አውታር ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ግን ሳይፈተን መናገር አይገባም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር በሙሉ የሚወድቅበት ወይም የሚጸናበት ቦታ እዚህ ነው። በሞባይል መስመር ላይ ያሉ ቤቶች ጥቅም ካላገኙ፣ ስልቱ ቋሚ መስመር ላላቸው ጥቂቶች ብቻ የሚሆን ምክር ሆኖ ይቀራል።

ይህን መፈተን ለአንድ የማስተርስ ተማሪ አቅም የሚከብድ አይደለም። የሚያስፈልገው በቋሚና በሞባይል መስመር የሚጠቀሙ ጥቂት ፈቃደኛ ግቢዎች፣ ጥቂት ያገለገሉ ራውተሮች፣ እንዲሁም ፍሌንትን የመሰለ በጭነት ላይ መዘግየትን የሚለካ ነጻ መሣሪያ ነው። መለኪያው በአንድ ምሽት ተወስዶ የሚያበቃ መሆን የለበትም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ አንዱን ቀን በገደብ ሌላውን ያለ ገደብ እያፈራረቁ፣ የገበያ ቀንና እሑድ ማታ ሳይቀር መያዝ አለበት። ሪፖርቱም አማካዩን ብቻ ሳይሆን ከመቶው 95ኛውን መዘግየት ያሳይ፤ ጥሪ የሚቋረጠው በአማካዩ ሳይሆን በጫፉ ላይ ነውና። መዘግየቱ እስከ መጀመሪያው የአቅራቢው መገናኛ፣ እስከ አዲስ አበባና እስከ ውጭ አገር አገልጋይ ተለይቶ ቢለካ ከራውተሩ በላይ ያለው ጥፋት በራውተሩ ላይ አይቆጠርም።

አንድ የማይታይ ወጥመድም አለ። ሁለተኛው ራውተር ከተተከለ በኋላ የአቅራቢው ሞደም ዋይፋይ ሳይዘጋ ከቀረ የግቢው ስልኮች በለመዱት ስም እዚያው ይገናኛሉ፤ ገደቡንም ወረፋውንም በጎን አልፈው ይሄዳሉ። ተመራማሪው ማስተካከያው አልሠራም ብሎ ይጽፋል። የመስክ ማስታወሻው የመጀመሪያ መስመር ላይ መመዝገብ ያለበት የአሮጌው ዋይፋይ መዘጋትና ከሞደሙ የሚወጣው ኬብል አንድ ብቻ መሆኑ ነው።